በጠበል ነው የዳንሁት

የዙፋንን ራስ ምታት በእኛ ቆላ ከተማ በኮኪት ውስጥ ፍርድ ያልሰጠበት ሰው የለም። ወባ ነው ያለ አለ፣ ምች ነው ያለ አለ፣ የሰው ዓይን ነው ያለም አለ፤ አላውቅም ያለ ግን አንድም አልተገኘ። እኛ አገር እኮ ራሱን ያመመው ሰው ከመድኃኒት በፊት ምክር ነው የሚጎርፍለት። ቆላ ላይ ደግሞ ራስ ታመመ ማለት ወባ ነው፣ አለቀ። ደሟ ተመርምሮ ወባ የለም ሲባል እንኳ ጎረቤት "ተደብቆ ነው" ይላል፤ እሷም አምና የወባ ክኒን ትገዛና ትውጣለች። እንዲህ እያለች ሃያ ዓመት ሙሉ ያልያዛትን ወባ ስታክም ኖረች።

ሕመሙ ግን የራሱ ጠባይ ነበረው። መጀመሪያ ዓይኗ ጥግ ላይ አንድ ነገር ይብረቀረቃል፤ በሚያዝያ ሐሩር ባዶው ማሳ ላይ አየሩ እንደሚንቀጠቀጠው ዓይነት። ሩብ ሰዓት ያህል ሲጫወትባት ይቆይና ይጠፋል። ከዚያ ከግራ ዓይኗ ኋላ መምታት ይጀምራል። ይመታል፣ ይመታል፣ አይደክመውም። ብርሃን ጠላቷ ይሆናል፣ የናፍጣ ሽታ ሆዷን ይገለብጠዋል፣ ውኃ እንኳ ብትቀምስ ታስመልሳለች። ባሏ ደምለው የአንድ የጎንደር ባለሀብት ትራክተር ሾፌር ነውና ከእርሻ ሲመለስ ልብሱን ደጅ አውልቆ ነበር የሚገባው። ደግ ሰው ነው ደምለው፣ አይካድም። ቢሆንም አንገረቧ ላይ፣ ማለት በዚያች የገመድ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ሲያያት "ዛሬም?" ይላል። ያች "ዛሬም?" ከሕመሙ ትብስባት ነበር።

ያላደረገችው ምን አለ! ዳማከሴ አሽታ በአፍንጫዋ አስገብታለች። ሻሽ ጠፍራ አስራለች። በዋግምት ደሟን አስመጥታ ሰባት ቀን አንገቷን ማዞር አቅቷታል። መጨረሻ ላይ የያዘቻት "የሱዳን ክኒን" የሚሏትን ነበር፤ ከገላባት ተሻግራ የምትመጣ፣ ያለ ካርቶን በፍሬ የምትሸጥ። እውነትም ታስታግሳለች። ሱቋ ውስጥ ቆማ ለሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሙናና ባትሪ እየሸጠች አንዷን ዋጥ ማድረግ ነው። መጀመሪያ በወር ሁለቴ ነበር፤ ቀጥሎ በሳምንት ሦስቴ። በኋላማ ጧት ጧት ከሻይ ጋር ሆነ።

ግንቦት ላይ ሱቋ ውስጥ ያስመለሰችው ደም ሲኖረው ደምለው አፋፍሶ ጤና ጣቢያ አደረሳት። እዚያ ናሁሰናይ የሚባል ጤና መኮንን አለ፤ ገና ጢሙ ያልጠና፣ ግን ሰው ሲናገር የሚሰማ። ይሄ የመጨረሻው ነገር በአገራችን ብርቅ ስለሆነ ነው የማነሳው። ለሆዷ የሚሆነውን አድርጎ፣ በነጋታው አስቀምጦ ጠየቃት።

"እትየ ዙፋን፣ ያን ክኒን መቼ መቼ ነው የሚውጡት?"

"ሲያመኝ ነዋ።"

"መቼ መቼ ያምዎታል?"

"በየቀኑ።"

"እንግዲያ በየቀኑ ነው የሚውጡት።"

"አንተ ልጅ፣ ታዲያ ልሙት?"

አልተቆጣም። ስለ ብርቅርቅታው ጠየቃት፤ በየትኛው ጎን እንደሚመታት፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ እናቷን እንዲህ ያማት እንደሆነ። እናቷን ያማት ነበር፤ ደጋ ላይ ጨለማ ጓዳ ገብታ በሯን ትዘጋ ነበር። ይሄን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ይሄ ማይግሬን ይባላል። ወባ አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም፣ እብደትም አይደለም። አንዳንድ ሰው ጭንቅላቱ ከሌላው ይልቅ ቶሎ የሚደነግጥ ሆኖ ይፈጠራል። ረኀብ፣ ፀሐይ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የወር አበባ ይቀሰቅሱታል።"

"ይነቀላል?"

"መነቀል እንኳ አይነቀልም። ይገራል እንጂ። አሁን በየቀኑ የሚያምዎት ግን ማይግሬኑ ብቻ አይደለም፤ ያ ክኒን ራሱ ነው። የራስ ምታት ክኒን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከተዋጠ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል።"

ዙፋን ሳቀች። ምን ታድርግ! ዳቦው ነው ያስራበሽ እንደማለት ሆነባት። እሱ ግን ቀልድ አልያዘም። የሱዳኑን ክኒን ፈጽማ እንድትተው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የከፉ እንደሚሆኑ ሳይሸፍን ነገራት። ሕመሙ ሲጀምር፣ ገና ብርቅርቅታው ሲመጣ፣ ቶሎ የምትወስደው ሆድ የማይጎዳ ማስታገሻ ሰጣት። ጎንደር ከተገኘ ለማይግሬን ብቻ የተሠራ ሌላ መድኃኒት እንዳለ፣ እሱ ዘንድ ግን እንደሌለ አልደበቃትም። ዋናው ግን መከላከያው ነው አለ። አንዱን ዓይነት አስም ስላለባት ተወው፤ ሌላውን፣ ትንሿን ቢጫ ክኒን፣ አሚትሪፕቲሊን የሚሏትን፣ በየምሽቱ አንድ አንድ እንድትውጥ ሰጣት።

"አንድ ወር ሳይሞላት ሥራዋ አይታይም፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ። አፍ ታደርቃለች፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ትላለች። ደግሞ ይች ክኒን ለድብርትና ለጭንቀትም ትሰጣለች፤ እዚያ መጠኗ ብዙ ነው፣ እዚህ ጥቂት። ከሰው ሰምተው እንዳይደነግጡ።"

"እሽ" አለች፤ የመጨረሻውን ልብ ብላ አልሰማችውም።

"ልጅ አለዎት?"

"አንዲት። ወንጌል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አሁን ጎንደር ሙያ ትማራለች።"

"በዘር የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ እንዲህ ካደረጋት ሳትቆይ ያምጧት። በጊዜ ከተያዘ እንደ እርስዎ አትሰቃይም።"

ይሄን ግን ሰማችው።

ሁለቱ ሳምንታት እንዳላትም ሆኑ። አንገረቧ ላይ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ናሁሰናይን ከነዘሩ ረገመችው፣ ደምለውን አንድ ፍሬ ብቻ ግዛልኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። አልገዛላትም፤ ለዚህ ለዚህስ ይባረክ ደምለው። ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቃት። የታመመችበትን ቀን ደብተር ላይ ምልክት እንድታደርግ ታዛ ነበርና፣ የሐምሌን ገጽ ስታይ ሁለት ምልክት ብቻ ነው ያለው። ሁለት! አንድ ቀን ደምለው ረስቶ ናፍጣ የነካ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ተቀመጠ። እሷም ሳታስተውለው ራቱን አቀረበችለት። ኋላ ሁለቱም ባንዴ ልብ አሉና ተያዩ። ዙፋን ደስ ሲላት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ግን ጳጉሜ ላይ ሽማግሌ መጣ።

ጠያቂው አለምሰገድ ነው፤ የሽንፋ ከተማ ልጅ፣ የጭነት መኪና የሚይዝ። ወንጌልም ከወደደችው ቆይታለች፤ ስሙ ሲነሳ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ትገባ ነበር ልትደበቅ። የልጁ እናት አዛለች የተከበረች ሴት ናት፣ ዘርም አጥሪ። እንደ ወጉ ሰው ልካ አስጠየቀች፤ በዙፋን በኩል ያበደ አለ ወይ፣ የሚጥለው አለ ወይ፣ የቆመጠ አለ ወይ። ይሄ በማንም ቤት የሚጠየቅ ነው፣ ዙፋንም አልተቀየመች። የላም የበሬውን እንኳ ዘር የሚጠይቅ ሰው የልጁን ሚስት ዝም ብሎ አይወስድም።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቷ ማስተዋል ጨው ልትበደር ገባች። ቢጫዋ ክኒን ከነወረቀቷ መደርደሪያው ላይ ነበረች። ማስተዋል ወንድም አላት፣ አንዱአምላክ፤ አእምሮው ከታወከ ወዲህ ልብሱን ጥሎ ገበያ የሚወጣ፣ ኋላ ጎንደር ታክሞ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይዞ የተመለሰ።

"እንዴ! ይችማ የወንድሜ ክኒን ናት" አለች ማስተዋል ወረቀቷን እያገላበጠች። "ዙፋን፣ አንችም ትውጫለሽ እንዴ?"

ማስተዋል በክፋት አልጠየቀችም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ነበረበት፣ የሚጋራት ሰው ያገኘች ይመስል። ዙፋን ግን ያሰበችው ሠርጉን ነው። የአዛለች መልእክተኞች ገና ከኮኪት አልወጡም። እናቷ የእብድ ክኒን ትውጣለች ከተባለ ወንጌልን ማን ያገባታል?

"ኧረ በስማም! የኔ አይደለም። አንድ ሳሉግ ረስቶት ሄዶ ነው" አለች።

"ታዲያ ራስሽን በምን ዳንሽ?"

አፏ ሳያማክራት ተናገረ። "በጠበል ነው የዳንሁት። ወንዙ ማዶ ሁለት ሱባዔ ገብቼ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሁ።"

ጠበሉ ምን በደለ! በጠበል የዳነ ስንት አለ፤ እሷ ግን ያን ዓመት ወንዙን ተሻግራ አታውቅም። ማስተዋል "እሰይ፣ እሰይ" ብላ ጨውዋን ይዛ ወጣች፤ ወሬው ከሷ ቀድሞ ነው የደረሰ። ሽንፋ ሲገባ አዛለች እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "እግዜር የጎበኘው ቤት ነው፣ ልጄን እዚያ ቤት እድራለሁ" አለች። ነገሩ አለቀ። በዚያው ቀን ዙፋን ቢጫዎቹን ክኒኖች አንድ በአንድ ከወረቀታቸው አውጥታ ሽንት ቤት ጨመረቻቸው። ደብተሩንም አብራ ጣለችው። ለመስከረም ከጎንደር የተመለሰችው ወንጌልም የሰማችው ይኸንኑ የጠበሉን ወሬ ነው።

በሦስት ሳምንቱ ተመለሰባት። አሁን ደግሞ የባሰው መጣ፤ መታመምም ተከለከለች። በጠበል የዳነ ሰው እንዴት ብሎ መልሶ ይታመማል? ግራ ዓይኗ እንባ እያዘነበ ሱቋ ውስጥ ትቆማለች፣ ሰው ሲጠይቃት "ሽንኩርት ነው" ትላለች። የሱዳኗን ክኒን እንደገና ያዘች። ናሁሰናይ ለቀጠሮዋ ሁለቴ ሰው ላከባት። መንገድ ላይ ስታየው ወደ ማዶ ትሻገር ጀመር። ደምለው ሲጠይቃት "ሠርጉ ይለፍ" አለችው፤ እሱም ሠርጉ ይለፍ አለ።

ኅዳር ላይ እናትና ልጅ ደጅ ተቀምጠው ሰሊጥ ሲነፉ ወንጌል ሰፌዱን አስቀመጠች።

"እማየ፣ ዓይኔ ላይ ምን እንደሚብረቀረቅ እንጃ። ግማሽ ፊትሽ አይታየኝም።"

ዙፋን ያች ቀን ምን እንደተሰማት ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ። የናሁሰናይ ቃል፣ ሳትቆይ ያምጧት ያለው፣ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ሠርጉ ሁለት ወር ቀርቶታል።

"ፀሐዩ ነው ልጀ" አለች። "ግቢና ተኝ። ለሰው ደግሞ እንዳታወሪ።"

ወንጌል ገብታ ተኛች፤ ማታ አስመለሳት። ለሰውም አላወራችም። የታዘዘችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

ጥር ላይ ተዳረች። ያማረ ሠርግ ነበር፤ ዙፋን ጭብጨባው በተመታ ቁጥር ግራ ዓይኗን ጨፍና እየሳቀች ዋለች። ከዚያ የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። በስልክ ወንጌል "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ማርገዟንም በስልክ ነው የነገረቻት። እናት ደስታ ጨረሳት፣ ለሳሉጎቹ ሳይቀር ከረሜላ በተነች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የአለምሰገድ መኪና ደጁ ላይ ቆመ። መጀመሪያ አዛለች ወረደች። ቀጥሎ ወንጌል ወረደች፤ ራሷ በሻሽ ተጠፍሮ፣ ቅንድቧ ላይ ገና ያልጠገገ ቁስል፣ ከፊት ጥርሷ አንዱ ጎዶሎ። ከኋላ ሣጥኗ ወረደ። ዙፋን ሣጥኑን ስታይ ነገሩ ገባት።

አዛለች አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሱቁ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ወንጌል ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ ተናገረች።

"እትየ ዙፋን፣ ልጅዎን እንደ ልጄ ነው የያዝኋት። ራሷን ሲያማት ወባ ነው ብለን አሳከምን። አልሆነም። ሲብስባት 'እማየ በጠበል ነው የዳነች' አለችን። እኛም ደስ ብሎን፣ አንቱ እንዳደረጉት ሁለት ሱባዔ አስያዝናት፤ በፀሐዩ ወረፋ ቆማ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ። ነፍሰ ጡር ነሽ ቢሏትም 'እማየ እንዲህ ነው የዳነች' እያለች እምቢ አለች። በዐሥረኛው ቀን አስመልሷት አስመልሷት ድንጋዩ ላይ ወደቀች።"

ዙፋን ወደ ጓዳው በር ዞረች።

"ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ነው ይላል" ቀጠለች አዛለች። "እኔ አላውቅም። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ እስክትወልድ እናንተ ዘንድ ትቆይ ብያለሁ።"

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት መወለዱ እውነት ነው። ግን በሰባት፣ በስምንት ወር እንጂ በሦስት ወር ሆዷ ሣጥን አስጭኖ ማን ይልካል? አለምሰገድ ከመኪናው አልወረደም፤ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። የኮኪት ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የትዳሩን ወር ይቆጥር ነበር፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት።

እነአዛለች ሲሄዱ ወንጌል "እማየ፣ ሱባዔውን ስላልጨረስሁ ይሆን ያልዳንሁት?" አለቻት። ዙፋን ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም፤ ነገ እንሄዳለን ብቻ አለች።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ናሁሰናይ ዙፋንን ሲያይ አወቃት፤ ሰላም ብሎ ወንጌልን አስቀመጠ። ቁስሏን አየ፣ ጽንሱን መረመረ፣ ደህና ነው አለ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጀመረ፤ ብርቅርቅታው፣ ጎኑ፣ ሰዓቱ። ስትወድቅ ራሷን ስታ እንደሆን፣ ተንዘፍዝፋ እንደሆን ጠየቃት። "አይ፣ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ሁሉንም እሰማ ነበር" አለች። የሚጥል በሽታ አለመሆኑን ነገራት። መጨረሻ ላይ፦

"ከቤተሰብ እንዲህ የሚያመው አለ?"

"የለም" አለች ወንጌል። "እማየን ያማት ነበር። ግን እሷ በጠበል ድናለች።"

ናሁሰናይ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አንሥቶ ያዘ። ወደ ዙፋን አየ። የበሽተኛን ምሥጢር አያወጣም፤ ግን መጻፉንም አልቀጠለም። በሩ ክፍት ነው፣ ደጅ አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፣ ማስተዋልም የወንድሟን መድኃኒት ልትወስድ ከመሃላቸው ተቀምጣለች። ዙፋን ይሄን ሁሉ አየች።

"በጠበል አይደለም" አለች። ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ወጣ። "ጠበል አልሄድሁም። ያች ቢጫ ክኒን ናት ያዳነችኝ። እሱ ነው የሰጠኝ። ሰው የእብድ ክኒን እንዳይለኝ ብዬ ጣልኋት።"

ደጅ ያለው ወሬ ቀጥ አለ። ወንጌል ዘወር ብላ እናቷን አየቻት።

"እንግዲያ ለኔም ስጠኝ" አለች ኋላ፣ ለናሁሰናይ።

ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ። "አሁን ነፍሰ ጡር ነሽ፤ እንዲህ ዝም ብዬ አልሰጥሽም። ከመፀነስሽ በፊት ብትመጭ ኖሮ ሌላ ነበር። ለጊዜው ፓራሲታሞል፣ እሱም ሲብስ ብቻ። ሌላ የሱቅ ክኒን እንዳትነኪ። በሰዓቱ ብይ፣ ውኃ ጠጪ፣ ሲጀምርሽ ጨለማ ቤት ተኝ። ካልተሻለሽ ጎንደር እጽፍልሻለሁ። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ መከላከያውን እናያለን።" ለዙፋንም የሷን እንደገና ጻፈላት። ቢጫዎቹን ክኒኖች በትንሽ ከረጢት አድርጎ ሰጣት፤ ተቀበለች።

ሲወጡ ማስተዋል መንገድ ለቀቀችላቸው፣ ዓይኗን አላነሣችም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዙፋን ነጠላዋን አውልቃ የልጇን ራስ ከለለች። እንዲያ ሆነው እስከ መኪና መናኸሪያው ድረስ ሄዱ።

"እማየ።"

"ወይ ልጀ።"

"ኅዳር ላይ፣ ሰሊጥ ስንነፋ፣ ግማሽ ፊትሽ አይታየኝም ያልሁሽ ቀን… ምን እንደሆነ አውቀሽው ነበር?"

ዙፋን ፀሐይ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ልትዋሽ ብትፈልግ እንኳ አሁን የምትዋሽለት ነገር አልቀረም።

"አውቄው ነበር" አለች።

ወንጌል ነጠላውን ከራሷ ላይ አወረደች። አጣጥፋ ለእናቷ መለሰችላት፤ ከዚያ በዚያ ፀሐይ ባዶ ራሷን ወደ ቤት ቀድማ ሄደች።